የፈሰሰው ሾርባ

ፎቶ አንሺውን የሙያ ጓደኞቹ «እንፋሎት» ይሉታል። ከቀዘቀዘ ሳህን ላይ ትኩስ ጭስ ሲወጣ ማሳየት እንደሱ የሚችልበት የለም። እርጥብ ጥጥ ያፈላና ከሳህኑ ጀርባ ይሸጉጣል፤ ምስጢሩ ያ ነው። ወተት የሚመስለው ሙጫ ነው። ዶሮው የሚያብረቀርቀው በጫማ ቀለም ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ እያደረገ የሰው ምራቅ ሲያስውጥ ኖሯል።

ተማሪዋ እሱ ዘንድ የገባች ዕለት ሕጉን ነገራት።

«ጠዋት ከመሳቢያው ፎቶው የሚቀመጥበትን ካርድ ወስደሽ ካሜራው ውስጥ ታስገቢያለሽ። ስክሪኑ በጥቁር ፕላስተር እንደተሸፈነ ይቆያል፤ ዓይንሽ ምግቡ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ እንዳይሆን። ሥራ ሲያልቅ ካሜራውን ለእኔ ታስረክቢያለሽ።»

«ያነሳሁትን መቼ ላየው ነው ታዲያ?»

«ሳሳይሽ።»

አልወደደችውም። ግን ከተማው ውስጥ ሌላ አስተማሪ አልነበረም።

ሁለት ወር ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል ብቻ አስነሳት። በየሳምንቱ ካነሳችው ጥቂቱን አትሞ ፊቷ ይደረድርና «ይሄ ድንጋይ ነው፤ ይሄ ደግሞ ኳስ» ይላታል። እሷም አፏ አያርፍም።

«እንቁላል እንቁላል የሚሆነው ሲበላ ነው ጋሼ። እርስዎ የሚያነሱትን ማን ይበላዋል?»

ይሄን ጊዜ አብሳይዋ ከምድጃው ጋ ሆና ትስቃለች። ለፎቶ የሚሆነውን ምግብ የምታሰናዳው እሷ ናት። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ምድጃው ጋ ይደርሳል። ተማሪዋን «እልኸኛ» ያለቻት እሷ ናት፤ ስሙም ጸደቀ።

አንድ ጠዋት የሾርባ ማስታወቂያ ለማንሳት ተነሱ። ፎቶ አንሺው ማንኪያውን በቀኝ አስተካክሎ፣ ዳቦውን በስሱ ቆርጦ ደርድሮ፣ ጥጡን ሊያፈላ ሲል ተማሪዋ ገባች። ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛውን አየችው።

«ይሄ የበሽተኛ ምሳ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ማንም ያልተራበበት ጠረጴዛ ነው። ሰው እንዲህ አድርጎ አይበላም፣ ጋሼ።»

ፊቱ ቀላ። «ከቻልሽ አሳዪኛ!»

የምትሠራበትን አሮጌ ካሜራ ከመደርደሪያው መንጭቃ ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ጥጡን ጣለችው። አብሳይዋን የሚፋጅ ሾርባ አስቀዳቻት። ዳቦውን በእጇ ገመሰችው። ማንኪያውን ነክራ ስታወጣው ሾርባው ነጩ ጨርቅ ላይ ፈሰሰ። አልጠረገችውም።

ፎቶ አንሺው እጁን አጣጥፎ ሲያያት ቆየ። ከዚያ የራሱን ካሜራ አምጥቶ ከጎኗ ተከለ። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አነሱ።

በዚያን ዕለት ካሜራውን አስረክባ፣ ጮክ ብላ እየዘፈነች ነው የወጣችው። በሳምንቱ አብሳይዋ ለመውለድ ሩቅ ወዳሉት እናቷ ሄደች።

ተማሪዋ የሾርባውን ፎቶ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ፎቶ አንሺው መነጽሩን ሲጠራርግ ቆየና «ሌላ አንሺ» አላት። ደግማ ጠየቀችው። «ያ አለፈ። ሌላ አንሺ።» በሦስተኛው ጊዜ ክፍሉን ጥሎላት ወጣ።

ከዚያ በሁለተኛው ወር የፎቶ አንሺዎች ማኅበር የዓመቱን ምርጥ ፎቶ አሳወቀ። ፎቶው የወጣበትን ጋዜጣ ያመጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። የተገመሰ ዳቦ፣ የሚጨስ ሾርባ፣ ጨርቁ ላይ የፈሰሰ ጠብታ። ከሥሩ የእሱ ስም።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ስታወሪልኝ የከረምሽው ሾርባ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው!»

እህቷ አቀርቅራ ጋዜጣውን አጠፈችው። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ቻይው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«እኔ አርሰዋለሁ» አለች ተማሪዋ።

በማግሥቱ ከሰሰችው። ማኅበሩ ሁለቱንም ጠራ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ የእሱ ወዳጅ ነበር፤ እሷ ስትገባ ወንበር እንኳ የጠቆማት የለም። ቆማ ተናገረች።

«ማስረጃሽ ምንድነው?» አላት ሰብሳቢው።

«ማስረጃዬ እሳቸው ጋ ነው። ዳቦውን የገመስኩት እኔ ነኝ፣ ሾርባውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ሙሉ ቀን ያነሳሁበትን ካሜራ በእጃቸው አስረክቤአለሁ። ሦስቴ ለምኜ አንዲት ፎቶ እንኳ አላሳዩኝም። ደብቀውኛል!»

ሰብሳቢው ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ። «ይህቺ ልጅ ያን ቀን ያነሳችው የት ነው ያለው?»

ፎቶ አንሺው ብድግ አለ። ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ፎቶው የእሷ ነው» አለ። «ሽልማቱን ለእሷ ስጧት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከማኅበሩ ሲሰርዙት አልተከራከረም። ኮፍያውን አንስቶ ሲወጣ በሩ ላይ አጠገቧ ደረሰ። «ሌላ አንሺ» አላት ቀስ ብሎ።

«ያለ እርስዎ ፈቃድ አነሳለሁ!» አለችው፣ ሁሉም እንዲሰማ።

አነሳችም። በዓመቱ የራሷን ስቱዲዮ ከፈተች። ጥጥ የለም፣ ሙጫ የለም፤ የተነሳው ምግብ ሁሉ እዚያው ይበላል። የሽልማቱን ፎቶ ከነስሟ በሩ ፊት ለፊት ሰቀለችው። የእንፋሎት ስቱዲዮ በር ግን ከተዘጋ ቆይቷል።

አንድ ቀን አብሳይዋ ልጇን አቅፋ ሥራ ልትጠይቅ መጣች። ከወለደች ጀምሮ እናቷ ዘንድ ነበረች፤ ከከተማው ወሬ የሰማችው ነገር የለም። ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ከዚያ ቀና ስትል ፎቶውን አየችውና ሳቋ አመለጣት።

«አይ እልኸኛ! ያቺን ቀን መቼም አልረሳትም። አንቺ እየዘፈንሽ ስትወጪ ጋሼ ካሜራሽን ከፍተው ጠሩኝ። ለካ በንዴት ካርድ ሳታስገቢ ነው ስታነሺ የዋልሽው! ‹በምን አፌ እነግራታለሁ› ብለው ሲጨነቁ... ቆይ፣ አልነገሩሽም እንዴ?»