ሳይፈተን አይገዛም

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። ክዳኑ ተላልጧል፣ ማጠፊያው ላልቷል፣ ተከፍቶ እስኪነሳ ድረስ ደግሞ ሰው አንቀላፍቶ ሊነቃ ይችላል። አንድ ደህና ነገር አለው፤ ስክሪኑን በጣት ሲነኩት ይታዘዛል።

«ይሄን ነው ግዙ የምትለን?» አለች እህትየው። «ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው እንዴ ያገኘኸው?»

የጥገና ሱቁ ባለቤት ሳቀ። ሰፈሩ «ሳቂታው» ይለዋል፤ ሲሸጥም ይስቃል፣ ሲሰደብም ይስቃል። የጎረቤት ልጅ ከእሱ የገዛው ስልክ ሳምንት ሳይሞላው ድርቅ ብሎ ሲቀርም ስቋል አሉ።

እህትየው ግን በሳቅ የምትሸነፍ አይደለችም። ሥራዋ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መረከብ ነው። አቅራቢዎች ከሩቅ ሲያዩዋት ፊታቸው ይጠቁራል፤ አንዲት ጭረት ካገኘች መኪና ሙሉ ዕቃ ትመልሳለች።

ኮምፒውተሩን የፈለገው ታናሽ ወንድሟ፣ ቀለም ቀቢው ነው። አባታቸው ከቤታቸው ደረጃ ወድቀው ሆስፒታል ገብተው ከወጡ ወዲህ አንደበታቸው ተዘግቷል። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። ግራው እስክሪብቶ መጨበጥ አልቻለም፤ አመልካች ጣቱ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሐኪሟ ወንድምየውን ለብቻው ጠርታ «ሐሳባቸው ሙሉ ነው» አለችው። «በጣት የሚነካ ስክሪን ፈልግላቸው። ፊደል እየነኩ ያናግሩሃል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። የአባቱን ቃል ሳይሰማ አባቱ ያመልጡኛል ብሎ ይፈራል። አዲስ ለመግዛት ደግሞ አቅሙ አይፈቅድም።

እህትየው አባቷን ለማስታመም ፈቃድ ወስዳ ቤት ከዋለች ቆይታለች። የምታጎርሳቸው እሷ፣ የምታገላብጣቸው እሷ፤ ጎረቤት ላግዝሽ ቢል እሺ አትልም። አንዳንዴ ማንኪያውን ስታቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሕመም ያስመርራል። ጎረቤቶች «እንዲህ ያለች ልጅ ትውለድልን» እያሉ ይመርቋታል። የወደቁ ዕለትም ቤት የነበረችው እሷ ናት፤ የቤት ጫማቸው ጠልፏቸው ሲወድቁ ጮኻ ሰው የጠራችውም እሷ ናት።

አሁን ኮምፒውተሩን እንደ ሥራዋ ትመረምረዋለች። ከሶኬት ነቀለችው። ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ይኸው! ባትሪው ሞቷል!»

«እህቴ፣ አባታችሁ አልጋ ላይ ናቸው ብላችኋል። እንደተሰካ ይውላል» አለ ሳቂታው መልሶ እየሰካ።

ሲነሳ ስክሪኑን በጥፍሯ ቆረቆረችው። ዝም አለ።

«እሱም አይሠራም! አየህ ወንድሜ? ዓይን አውጣ ሌባ!»

«በጥፍር አይደለም፤ በጣትሽ ሥጋ ንኪው።»

ወንድምየው ነካው። ሠራ። ይሄኔ እህትየው የባሰ ነደደች።

«ከማን ሰርቀህ ነው?»

ሳቂታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁን ዋጠ። አንድ አስተማሪ ናቸው የሸጡልኝ አለ። ከዚያ ማንም ሳይለምነው ዋጋውን ቀነሰ።

«ሳይለመን የሚቀንስ ሻጭ የሚደብቀው አለው» አለች እህትየው። «ሽማግሌ ደረጃው እርጥብ ሆኖ አዳልጧቸው አልጋ ላይ ቀሩ፣ አንተ በእሳቸው ልትነግድ!»

ወንድምየውም ልቡ ጠረጠረ። ሰውየው እውነትም ለመገላገል የቸኮለ ይመስላል። ቢሆንም አልተመለሰም።

«እትዬ፣ በቃ! የአባባ ጉዳይ ነው።»

«የአባባ ጉዳይ ስለሆነ እኮ ነው የምቃጠለው! አባባ እንኳን ፊደል እኔንም አይለዩኝም። ምን ሊነግሩህ ነው?»

«አንቺ ነሽ አይለዩም የምትዪው! ሐኪሟ ሌላ ነው ያለችኝ!»

አላፊ አግዳሚው ቆሞ ማየት ጀመረ። እህትየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ሳቂታው ዞረች።

«እኛ መሥሪያ ቤት ሕግ አለ። ዕቃ የሚፈተነው በሚሠራበት ቦታ፣ በሚሠራበት ሰው እጅ ነው። ሳይፈተን አይገዛም። ሳንቲም ሳንከፍልህ ቤት ወስደን እንድንፈትነው ትሰጠናለህ?»

እንዲህ ብላው እሺ ያለ ነጋዴ አጋጥሟት አያውቅም።

«ምን ችግር አለ? እኔው ይዤላችሁ እመጣለሁ» አለ ሳቂታው።

እህትየው ደነገጠች። «ዛሬ... ዛሬ አይሆንም። አባባ ተኝተዋል።»

«ሕጉን ያወጣሽው አንቺ፣ የምታፈርሺው አንቺ!» አለ ወንድምየው። ኮምፒውተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ መንገድ ጀምሮ ነበር።

አባትየው አልተኙም። ሳቂታው ኮምፒውተሩን በትራስ ደግፎ ፊታቸው አስቀመጠ፤ ሽቦውን ሰካ፤ ፊደሎቹን በትልልቁ ደረደረ። ወንድምየው ከሳቂታው እጅ ዓይኑን አልነቀለም። አሁን ቢያታልለን አንገቱን ነው የማንቀው ብሎ ወስኗል።

«አባባ፣ እስኪ ይንኩት። የፈለጉትን ይበሉኝ።»

ጣታቸው ተነሳች፣ ወደቀች፣ እንደገና ተነሳች። ስክሪኑ ላይ አንድ «አ» ብቅ አለ።

«ጻፉ!» ወንድምየው እንባው መጣ። «አመሰግናለሁ ሊሉኝ ነው!»

«ዝም ብለው እየነካኩ ነው! አታድክሟቸው!» እህትየው ጮኸች። «ይሄ ሌባ እየቀለደብን አንተ ታለቅሳለህ!»

ፊደሎቹ እየተከታተሉ መጡ። አባትየው ላብ አጠመቃቸው፤ ጣታቸው ግን አልቆመችም። እህትየው ጎንበስ ብላ ሽቦውን ከሶኬቱ ልትነቅል ስትል ሳቂታው እጇን ያዘ።

«ተዪያቸው፣ ይጨርሱ።»

አባትየው ጣታቸውን አወረዱ። ወንድምየው እንባውን ጠርጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«አልወደቅኩም። እሷ ናት የገፋችኝ።»