የሁለት ሰው ሙቀት

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤዛዊት ቢጫውን ጀሪካን የፈላ ውሃ ሞልታ፣ ባሏ ይተኛበት በነበረው በኩል አጋደመችውና ጋቢውን አለበሰችው። ሱራፌል ከሞተ አራት ወሩ ነው። ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ብቻዋን ቆፍራ ቀበረችው። ወሬው እንዳይወጣ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጠችም።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የጦሩ ሳተላይት በየማታው በመንዝ ላይ ስታልፍ በየቤቱ ያለውን የሰው ሙቀት ትቆጥራለች። ቁጥሩ ለእግረኛ ጦሩም ለአየር ኃይሉም እኩል ይደርሳል። አንድ ሰው ብቻ የቀረበት ቤት ለጦሩ ይለቀቃል፤ ባለቤቱም ተጭኖ ወደ መጠለያ ይሄዳል።

ሳተላይቷ አልፋ ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ከዕዙ ሆና ቆጠራውን የምትከታተለው መቶ አለቃ ሶስና ነበረች። በሳምንት አንዴ ትደውላለች። ለቤዛዊት ሌላ የሚደውልላት ሰው የለም።

«እማማ፣ እንደምን አመሹ? አባባስ ደህና ናቸው?»

«ተመስገን። ተኝቷል።»

«ሁለት ሰው ብዬ መዝግቤያለሁ።» መቶ አለቃዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ዛሬም በጣም አፍልተውታል። ሰው እንዲህ አይሞቅም። ከነገ ጀምሮ ለብ ይበል።»

ቤዛዊት እጇን በጋቢው ላይ አሳረፈች።

«መቼ ነው ያረፉት?»

«በሰኔ።»

«እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ።»

ስልኩ ሲዘጋ ቤዛዊት ነጠላዋን ከምስማሩ አወረደች። አዘቅዝቃ ለበሰችና ከጀሪካኑ አጠገብ ለቅሶ ተቀመጠች።