ትንሽ አሟታል

ታናሽ ወንድሙ ማንያዘዋል ከመርሐቤቴ ደውሎ፣ «እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ብቅ ብትል ጥሩ ነው» አለው።

ሰውየው አዲስ አበባ፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ነበር። በአገሩ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። የሞተ ሰው ሁሉ በስልክ ትንሽ ነው የሚያመው።

«እውነቱን ንገረኝ» አለ።

«እውነቴን ነው። ጉንፋን ነው።»

ጉንፋን ሲባል አለቀሰ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ብቻህን አትሄድም አሉት። ሚኒባስ ተከራዩ፤ ወንዶቹ ጥቁር፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። መንገድ ላይ አድረው ጎህ ሲቀድ ደረሱ።

በሩን የከፈተችው እናቱ ናት። አፍንጫዋን እየጠረገች የልጇን ያበጠ ዓይን አየች፤ ከኋላው የቆሙትን አሥራ አራት ሰዎች አየች። ሰዓቱ መርዶ የሚነገርበት ሰዓት ነው።

«ማነው የሞተብኝ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ።»

«እኔም ለስንቱ እንዲህ ብያለሁ» አለች። «ማንያዘዋል ነው! ትናንት መድኃኒት ልግዛልሽ ብሎ ከተማ እንደሄደ አልተመለሰም።»

ሰውየው ወደ ማንያዘዋል ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ከኋላው ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ ጎረቤቱም ጩኸቱን ሰምቶ መጣ።

ማንያዘዋል ረፋድ ላይ ሲመለስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የሳል ሽሮፑን ወርውሮ፣ «ወይኔ እናቴን!» እያለ ደረቱን እየመታ ገባ።