አንድ መስመር ትእዛዝ

«የይለፍ ቃሌን ይቀበለኛል፤ ወዲያው ደግሞ መልሶ እዚያው መግቢያው ላይ ይጥለኛል» ይላል ሰውየው፣ ላፕቶፑን ወደ አውሊኪ እየገፋ። «ይኸው ሦስት ቀኔ እትዬ። የልጄ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው።»

«ሌላ ቦታ ቅጂ አለህ?»

«የለኝም።»

አውሊኪ መነጽሯን ታስተካክላለች። ቅዳሜ ረፋድ በኦውሉ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ያስቸገራቸውን ትረዳለች። እንዲህ ያለው ጣጣ ብዙ ጊዜ ዲስክ ሲሞላ የሚመጣ ነው። ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭና ጥቁሩን የጽሑፍ ገጽ ትከፍታለች።

«የመግቢያ ስምህ?»

«ሙስታቫሪስ» ይላል እየሳቀ። «ጥቁር ቁራ! ከልጅነቴ ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ የምታወቀው በዚህ ስም ነው።»

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ይደርቃሉ።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ባሏ ሬይኖ፣ ሐኪሞች ማንቁርቱን ሊያወጡት ሳምንት ሲቀረው፣ ድምፁን ቀድቶ ኮምፒውተራቸው ላይ አስቀመጠላት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ኮምፒውተሩ አልከፈት ሲላት፣ ኢንተርኔት ላይ የሚያውቅ እንዲረዳት ለመነች። ሙስታቫሪስ የሚባል ሰው አንድ መስመር ትእዛዝ ላከላት። አምናው ጻፈችው። የነበረው ሁሉ ጠፋ። «ሃሃ! ተማሪበት» አላት።

ሬይኖ ሦስት ዓመት ያለ ድምፅ ኖሮ ሞተ። እሷም ተማረች።

«የባሏን ድምፅ እንድታድንላት የለመነችህ ሴት ትዝ ትልሃለች?»

የሰውየው ፊት አመድ ይመስላል። «አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር... ለቀልድ እኮ ነው... እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ባሌ አልሳቀም። ቢስቅም አይሰማም ነበር።»

የይለፍ ቃሉን ያስገባል። አውሊኪ ዲስኩን ታያለች፤ እንዳሰበችው ጢም ብሏል። ያንን የድሮውን ትእዛዝ ጣቶቿ በቃላቸው ያውቁታል። እርሳስ አንስታ ግን ሌላ መስመር ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የከመራቸውን ያረጁ የመዝገብ ፋይሎች ብቻ የሚጠርገውን። አንዲት ፊደል አላዛባችም።

«አንተው ጻፈው። ‹ኢንተር› የሚለውን ቁልፍም የምትጫነው አንተ ነህ።»

ደጋግሞ ያነበዋል። «‹አጥፋ› የሚል አለበት!»

«አለበት።»

«ምኑን ነው የሚያጠፋው?»

«የማያስፈልገውን።»

ስልኩን ከኪሱ ያወጣል።

«ፈልግ» ትለዋለች። «እዚያም የሚመልስልህ አንተን የመሰለ ሰው ነው።»

«እትዬ፣ ስለ ልጄ ብለው እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እኔም አምኜ ነው የተጫንኩት።»

ካፖርቷን ለብሳ ትወጣለች። ውጭ በረዶ ይጥላል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሆና በቤተ መጻሕፍቱ መስታወት በኩል ታየዋለች፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ ትእዛዙን ጽፎ ጨርሷል። አንድ ጣቱ ከቁልፉ በላይ ተንጠልጥሏል። ዝቅ ይላል፣ ይመለሳል።

አውቶቡሷ መጥቶ በሩን ይከፍታል። አውሊኪ ለሾፌሩ እጇን አወዛውዛ እንዲሄድ ትነግረዋለች፤ ዓይኗን ከመስታወቱ አልነቀለችም።