የጭስ ማውጫ ጠራጊው

እጮኛዬ ወላጆቹ ቤት የወሰደኝ ቀን፣ የሳሎኑን ጭስ ማውጫ ሲጠርግ የቆየው ሰውዬ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ ከምድጃው ውስጥ ወጣ። አንገቴን ደፋሁ።

«ጋሽ ደርበው ናቸው፤ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እየመጡ ይጠርጉልናል» አሉኝ የእጮኛዬ እናት። ወደ እሱም ዞረው፣ «የልጄ እጮኛ ናት። ምስኪን፣ አባቷ የሞቱባት ገና ሕፃን ሳለች ነው» አሉት።

ይህን የነገርኳቸው እኔው ነኝ።

ሰውዬው ብሩሹን ምድጃው ላይ አስደገፈ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አለኝ።

«እጄ ቆሽሿል» ብሎም ጣቶቹን አጥፎ የእጁን አንጓ ዘረጋልኝ። ስጨብጠው፣ በመጀመሪያ ደመወዜ ለአባቴ የገዛሁለት ሰዓት ጥላሸት እንደለበሰ መዳፌ ውስጥ ገባ።