ቅጹ ላይ የነበረው ድንጋይ

«መምህር፣ እኔ እኮ ለፊርማ ነው የመጣሁት» አለች ተማሪዋ። የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጿ ላይ «ሕግ» ብላ ሞልታለች፤ የቀራት የአማካሪዋ ፊርማ ብቻ ነበር። አማካሪዋ፣ ሽማግሌው የሥነ ምድር መምህር፣ ቅጹን ዞር ብለውም አላዩት። ትናንት ለዚሁ ፊርማ ስትመጣም ዓይናቸው ያረፈው፣ ቅጹን ነፋስ እንዳይወስድባት ከመንገድ አንስታ በላዩ በጫነችው ግራጫ ድንጋይ ላይ ነበር። ተቀብለዋት ቆረጡት፤ ቁራጩን መስታወት ላይ ለጥፈው፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሞረዱት።

«ፊርማው ይደርሳል። መጀመሪያ ይችን እዪልኝ» አሉና ማይክሮስኮፑን ወደ እሷ ገፉት። ዓይኗን አስጠጋች። ያ የትም የሚረገጥ ድንጋይ ውስጡ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ ነበር። መምህሩ መስታወቱ ያረፈበትን ክብ ሰሌዳ በጣታቸው ቀስ አድርገው ሲያዞሩት ሰማያዊው ጠፍቶ ወርቅ መሰለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ምኑን አውቄ! ገና አላየሁትም። እዚህ ቤት ቀድሞ የሚያየው ድንጋዩን ያመጣው ነው። ይሄን ከውስጥ ያየ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

በመስኮቱ ነፋስ ገባ። የሚጫነው ያጣው ቅጽ ከጠረጴዛው ተነሳ።

«ኧረ ልጄ፣ ቅጽሽ በረረ!»

«ይብረር» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። «እባክዎን፣ አንዴ ደግመው ያዙሩልኝ።»