የልብስ ሰፊው ቀልድ

ለኩላሊት እጥበት የሚመጡት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ መርፌው በገባ ቁጥር «እኔ እንኳ ጨርቅ ስወጋ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ልጄ» እያሉ ነርሷን ያስቋት ነበር። የጉበት ቫይረስ በገደላቸው በሳምንቱ፣ ሌላው የእጥበት ታካሚ፣ ወጣቱ ሾፌር፣ ክንዱን ዘርግቶ ያንኑ ተናገረ።

«ሽማግሌውን ታውቃቸው ነበር እንዴ?»

«የቱን ሽማግሌ?»

ማክሰኞ ጡረተኛዋ መምህርት፣ ሐሙስ ደግሞ አዲሷ ሙሽራ፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፉ ደገሙት። ነርሷ ክው አለች። አንድ ቀን በጥድፊያ፣ ሽማግሌውን የወጋችበትን መርፌ ለሁሉም ታካሚ ከሚቀዳበት የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ መልሳ መክተቷ ትዝ አላት። ያው መርፌ የእሷንም ጣት ወግቶ ነበር።

ደሟን ልታስመረምር ሄደች።

«አይዞሽ እህቴ» አላት የላብራቶሪ ባለሙያው።

አፏን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ያዘች። መርፌው ገባ።

«እኔ እንኳ ጨርቅ ስወጋ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ልጄ» አለ፣ ከመዳፏ ስር፣ የሽማግሌው ድምፅ።